ከፋኑ በፊት ቀዳዳው

አሜሪካ ውስጥ አሮጌ ሞተርሆም፣ ማለትም እንደ መኪና የሚነዳ ቤት፣ የሚሸጥ ሰው ስለ ጣሪያው ሲጠየቅ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠራው የፋኑን ስም ነው። «ፋንታስቲክ ቬንት አስገብቼበታለሁ» ወይም «ሁለቱም ማክስኤር ናቸው» ይላል፤ ገዢውም ስሙን ሰምቶ ይረካል። ሁለቱም ጥሩ ፋኖች መሆናቸው እውነት ነው። ገንዘብ ያለው ሁሉ ግን ይገዛቸዋል፤ ከካርቶን አውጥቶ ጣሪያ ላይ ማስቀመጡም የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ባለሙያውን ከይድረስ ይድረስ ሠራተኛ የሚለየው ፋኑ የተቀመጠበት ቀዳዳ ነው፦ ጠርዙ እንዴት እንደታሸገ፣ ቪቴው ምን እንደያዘ፣ ሽቦው በየት እንደመጣ፣ አየሩ ከየት እንደሚሳብ። የተሠራ ጣሪያ ለመመዘን ዓይን፣ ጣት፣ ጆሮ፣ ጥቂት እጣንና አንዳንድ ቀላል መሣሪያ ይበቃሉ።

የገባ ሁሉ አልተገጠመም

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ከፋብሪካ የወጡ ሞተርሆሞች ጣሪያቸው ላይ የነበራቸው በእጅ እየተዘወረ የሚከፈት ክዳን ነው። ፋን ያላቸውም ቢሆኑ ክንፉ ትንሽ፣ ጩኸቱ ከነፋሱ የበለጠ ነበር። ዛሬ የሚገጠሙት ክንፋቸው 12 ኢንች፣ ማለትም 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። የሚሠሩት በ12 ቮልት ሲሆን ብዙዎቹ አየር ማስወጣትም ማስገባትም ይችላሉ። በዝቅተኛው ፍጥነት ጥቂት ኃይል ብቻ ስለሚወስዱ ሌሊቱን ሙሉ ቢሽከረከሩ ባትሪ አያራቁቱም። በከፍተኛው ፍጥነት ደግሞ በደቂቃ 900 ኪዩቢክ ጫማ አካባቢ፣ ወደ 25 ሜትር ኩብ የሚጠጋ አየር እንደሚያንቀሳቅሱ አምራቾቹ ይናገራሉ። የባለ 26 ጫማው የጂኤምሲ ሞተርሆም ውስጥ በግምት 35 ሜትር ኩብ ቢሆን፣ በሒሳቡ መሠረት የቤቱ አየር በአንድ ደቂቃ ተኩል ውስጥ ይለወጣል።

ፋኑ የሚቀመጥበት ቀዳዳ በአብዛኛው 14 በ14 ኢንች ነው። ይህ ልክ ለአሥርት ዓመታት ስላልተለወጠ የዛሬው ፋን ከሃምሳ ዓመት በፊት በተቆረጠ ቀዳዳ ውስጥ ልክክ ብሎ ይገባል። ሰውን የሚያዘናጋውም ይኸው ነው፤ የገባ ሁሉ የተገጠመ ይመስላል።

ቪቴው ምን ያዘ?

የመጀመሪያው ጥያቄ ጣሪያው ከምን ተሠራ የሚለው ነው። ከ1973 እስከ 1978 የተመረተው የጂኤምሲ ሞተርሆም አጽሙ አሉሚኒየም ነው፤ ቆዳው ከፊሉ ፋይበርግላስ፣ ከፊሉ አሉሚኒየም ሲሆን ውስጡ በተረጨ ፎም ተሞልቷል። የዚያው ዘመን ዊኔቤጎ ከውጭ አሉሚኒየም፣ በመሐል ፎም፣ ከውስጥ ኮምፔርሳቶ ተደራርበው የተጣበቁበት ግድግዳ ነበረው። ኤርስትሪም ከ1979 ጀምሮ በራሱ ስም ያወጣቸው ሞተርሆሞች ደግሞ በሪቬት የተያያዙ ሁለት የአሉሚኒየም ቅርፊቶች ናቸው።

ስለዚህ በአንዱ መኪና ላይ ጥርሱን የሚነክስ ቪቴ በሌላው ላይ ስስ ቆርቆሮ በስቶ ፎም ውስጥ ተንጠልጥሎ ይቀራል። መንገዱ ሲያንቀጠቅጠው ቀዳዳውን እያሰፋ ይላላል፤ በላላው ሥር ውኃ ይገባል። ጥሩ ሠራተኛ ይህን አስቀድሞ ስለሚያውቅ ከጠርዙ ሥር ያለውን ፎም ጠርጎ ያወጣና በቀዳዳው ዙሪያ የእንጨት ወይም የአሉሚኒየም ክፈፍ ያስገባል። ቪቴው የሚነክሰው ያንን ነው።

ሠራተኛውን «ቪቴው የያዘው ምኑን ነው?» ብለው ይጠይቁት። ስለ ክፈፉ፣ ስለ ውፍረቱና ከምን እንደሠራው የሚያወራ ሰው ሥራውን ያውቃል። «ጣሪያውን ነዋ!» ካለ ግን መሰላሉን ያቅርቡና ራስዎ ይውጡ።

ጣሪያ ላይ

ፋኑ ጠፍጣፋ ነው፤ ብዙ የአሮጌ ሞተርሆም ጣሪያ ግን መሐሉ ከፍ፣ ጎንና ጎኑ ዝቅ ያለ ነው። ችኩል ሰው የፕላስቲኩን ጠርዝ በቪቴ ኃይል ጎትቶ ከጉብታው ጋር ያጣብቀዋል። ያኔ ክፈፉ ይጣመማል፤ ክዳኑም እኩል አይገጥምም። ይህን ለማየት ዓይንዎን ከጣሪያው እኩል ዝቅ አድርገው ጠርዙን ከዳር እስከ ዳር ይከተሉ፤ መስመሩ መወላገድ የለበትም። ቀጥሎ ስስ ወረቀት ከክዳኑ ሥር አስገብተው ክዳኑን ይዝጉና ወረቀቱን ይሳቡት። በአራቱም ጎን እኩል ከያዘ ጓርኒሲዮኑ ሥራውን እየሠራ ነው። በአንዱ ጎን ሾልኮ ከወጣ ክፈፉ ተጣሟል ማለት ነው፤ ዝናቡም በዚያው በኩል ይገባል። ጠንቃቃ ሠራተኛ በጉብታውና በጠርዙ መካከል ያለውን ክፍተት በልኩ በተሞረደ ማስተካከያ ይሞላል።

ከዚያ ማሸጊያውን ይመልከቱ። ደንቡ ሁለት ድርብ ነው። የመጀመሪያው ከጠርዙ ሥር የሚነጠፍ፣ ቡቲል የሚባል ለስላሳና የማይደርቅ ማጣበቂያ ነው፤ ውኃውን በዋናነት የሚያቆመው እሱ ነው። ሁለተኛው ከላይ የሚፈስ፣ ራሱን እያስተካከለ የሚተኛ ማሸጊያ ሲሆን የጠርዙን ዳርና የእያንዳንዱን ቪቴ ራስ ይሸፍናል፤ ሥራውም ቡቲሉን ከፀሐይና ከጎርፍ መጠበቅ ነው። ጥሩ ሥራ ላይ የላይኛው ድርብ ስስና ለጥ ያለ ነው፤ ዳሩ ወደ ጣሪያው እየሳሳ ይጠፋል። ማሸጊያው ተከምሮ፣ ተቆልሎ፣ በጣት ተለቅልቆ ካዩት አብዛኛውን ጊዜ ከሥሩ ቡቲል የለም፤ ወይም ድሮ የነበረው ሳይጠረግ አዲሱ በላይ በላዩ ተደርቧል። ዳሩን በጥፍርዎ ቀስ ብለው ያንሱት፤ እንደ ቅርፊት ከተነሳ የተጣበቀው ከአቧራ ጋር ነው።

ሲሊከን የሚባለው የመታጠቢያ ቤት ማሸጊያ እዚህ ቦታ የለውም። ዳሩ መነሳት ሲጀምር በላዩ ሌላ ማሸጊያ አይዝም፤ ተፍቆም ቢሆን የሚተወው ቅባት የሚቀጥለውን ሥራ ያበላሻል። ቀጣዩን ሠራተኛ ለቀናት የሚያስፍቅ ሥራ ጥሩ ሥራ አይባልም።

የቪቴውንም ራስ በቅርብ ይዩት። በዙሪያው ያለው ፕላስቲክ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ካወጣ በትራፓኖ ሙሉ ኃይል ተነድቷል። ባለሙያ መጨረሻውን በእጅ ካቻቢቴ ያጠብቃል፤ አንዱን ጠብቆ ወደ ትይዩው ይሻገራል እንጂ በዙሪያው ተራ በተራ አይሄድም። ቡቲሉ በአራቱም ጎን እኩል ሲያፈተልክ ያቆማል፤ ፀሐይ ካሞቀው በኋላም ተመልሶ ያጠብቀውና ትርፉን ይከረክማል።

በመጨረሻም የክዳኑ ማጠፊያ በመኪናው ፊት በኩል፣ አፉ ወደ ኋላ መሆን አለበት። በተቃራኒው ከተገጠመ ክፍት ተረስቶ የተነዳ ዕለት ነፋሱ ክዳኑን ገንጥሎ ይወስደዋል።

ከኮርኒሱ ሥር

የጣሪያ ውኃ እያሳሳቀ የሚወስድ ውኃ ነው። በቀዳዳው ገብቶ በፎሙና በኮርኒሱ መካከል ተጉዞ ከፋኑ ርቆ በመብራቱ ወይም በቁም ሳጥኑ ጥግ ይወጣል። ስለዚህ ኮርኒሱ ላይ እድፍ አለመኖሩ ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም። የውስጡን የፕላስቲክ ክፈፍ ያስፈቱ፤ የሚይዙት ጥቂት ቪቴዎች ናቸው። እንጨት ካለ በወስፌ ይውጉት። ጤነኛ እንጨት ወስፌውን ይመልሰዋል፤ የበሰበሰው እየተሟሸሸ ይቀበለዋል። የበሰበሰን እንጨት ቆርጦ ሳይለውጥ አዲስ ፋን የጫነበት ሰው በሽታውን በጌጥ ሸፍኖታል።

እዚያው ሳሉ የቀዳዳውን ግድግዳ ይዩ። በጣሪያውና በኮርኒሱ መካከል ያለው ክፍት ዙሪያውን ተደፍኖ መሆን አለበት። ይህ ብዙ ሰው የሚዘለው ሥራ ነው፤ ክፈፉ ሲመለስ ማንም አያየውማ! ክፍቱ ሳይደፈን ከቀረ ግን ፋኑ ቤቱን ትቶ በኮርኒሱ ውስጥ የታመቀውን ትኩስ አየርና የሃምሳ ዓመት አቧራ ይስባል።

ይህን የሚያጋልጠው እጣን ነው። ክፈፉን ይመልሱ፤ ፋኑን አየር እንዲያስወጣ አድርገው በመካከለኛ ፍጥነት ያዙሩት። ከዚያ የሚጤሰውን እጣን በክፈፉና በኮርኒሱ መጋጠሚያ ዙሪያ ቀስ ብለው ያንቀሳቅሱት። ጢሱ ሳይዛባ ወደ ክንፉ ከሄደ የተደፈነው ተደፍኗል። ወደ ስንጥቁ ከታጠፈ ሥራው አልተጠናቀቀም።

ሽቦው

አዲሱ ፋን ከአሮጌው መብራት ሽቦ ላይ ተቀጥሎ ብዙ ጊዜ ይገኛል። መቀጠሉ በራሱ ነውር የለውም፤ ነውሩ ተጠምዝዞ በፕላስተር መጠቅለሉ ነው። ሙቀት ሙጫውን ያቀልጠዋል፤ ንዝረት ጠምዛዛውን ይፈታዋል። በትክክለኛ ፒንሳ የተጨመቀ መቀጠያ፣ ከላዩ በሙቀት የሚኮማተር ሽፋን፣ ስለት እንዳይነካው በጎማ ቀለበት ያለፈ ሽቦ፣ አምራቹ ባዘዘው ልክ የገባ ፊውዝ፤ እነዚህ አራቱ ሲሟሉ ልብ ያርፋል።

ዓይን የማይደርስበትን ቴስተር ይደርስበታል። ፋኑን በሙሉ ፍጥነት አዙረው ባትሪው ላይና ፋኑ ሥር ያለውን ቮልት ያነጻጽሩ። ልዩነቱ ከግማሽ ቮልት ካለፈ ሽቦው ቀጥኗል ወይም አንድ መጋጠሚያ ዝጓል። ሌላም የሚረሳ ነገር አለ፦ በዚያ ዘመን የነበረው የመስመር ኤሌክትሪክን ወደ 12 ቮልት የሚለውጠው ሣጥን የሚያወጣው ኃይል ንጹሕ አይደለም። የድሮው ቀላል ሞተር ይህን ይችለው ነበር፤ ባለ ቴርሞስታቱና ባለ ሪሞቱ ፋን ግን ያጉረመርማል ወይም ያብዳል። ጥሩ ሠራተኛ ፋኑን ከመሸጡ በፊት ስለ ሣጥኑ ይጠይቃል።

አየሩ ከየት ይመጣል?

የሚያስወጣ ፋን የሚያወጣውን ያህል የሚገባበት ይፈልጋል። ከፋኑ አጠገብ ያለውን መስኮት ዝጉ፣ በሩቁ ዳር ያለውን ክፈቱ የሚባለው ለዚህ ነው፤ አለበለዚያ አየሩ በቅርቡ ገብቶ በቅርቡ ይወጣል፤ የተኛው ሰው እንደታፈነ ያድራል። በሩቁ መስኮት ላይ ስስ ወረቀት ይያዙ፤ ወደ ውስጥ ተስቦ ወንፊቱ ላይ ከተለጠፈ ነፋሱ ቤቱን አቋርጧል።

አደጋውም ከዚሁ ይመነጫል። መስኮቱ ሁሉ ተዘግቶ ኃይለኛ ፋን ሲዞር ቤቱ አየር ከየትም ይስባል፤ ከመጸዳጃው ታንክ ሽታ፣ ከጋዝ ማሞቂያው ጭስ መውጫ ደግሞ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሊገባ ይችላል። የድሮው ደካማ ፋን ይህን ለማድረግ አቅም አልነበረውም፤ አዲሱ አለው። ስለዚህ የተሟላ ሥራ የሚሠራ ሰው የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ መኖሩንና ጊዜው አለማለፉን ሳያይ ቁልፉን አያስረክብም።

ዕድሜውን ማክበር

አሮጌ መኪና የሚወድ ሰው መልክም ያያል። ማክስኤር እየዘነበም እንዲሠራ የሚያስችለው ቆብ ያለው ዓይነት ከጣሪያው ጎላ ብሎ ይታያል፤ ለዝናባማ አገር ብልህ ምርጫ ነው። ዝቅ ባለ ቁመናው የሚታወቀው ጂኤምሲ ላይ ግን ጠፍጣፋ ክዳን ያለው ያምራል። በዚህ ላይ ምርጫው የባለቤቱ ነው። ለክርክር የማይቀርበው ቀዳዳውን ማስፋት ነው። የፋብሪካውን ልክ ሳይነካ፣ የድሮውን ክዳን ከነእጀታው ጠቅልሎ የሚያስረክብ ሠራተኛ ለሚቀጥለው ባለቤት የመመለሻ መንገድ ትቶለታል።

እንደሚታየው የዚህ ሥራ ደግ ደጉ ሁሉ የተሸፈነ ነው። ስለዚህ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ከመሸፈኑ በፊት ፎቶ ያነሳል፦ ተጠርጎ የጸዳውን ጠርዝ፣ የገባውን ክፈፍ፣ የተቀጠለውን ሽቦ። ሻጩ ፎቶውን ካሳየዎት ለሥራው ተገቢውን ዋጋ ይክፈሉ። ፎቶ ከሌለው የውስጡን ክፈፍ ለመፍታት ፈቃድ ይጠይቁ። ይህንንም ከከለከለዎት ዋጋ ሲነጋገሩ ፋኖቹን እንደሌሉ ይቁጠሯቸው፤ የሌላውን ሲሊከን ፍቆ እንደገና መግጠም በባዶ ቀዳዳ ላይ ከመጀመር ይበልጥ ያደክማልና።