ከጽሑፉ ስላለፈ ቃል

አንድ ሊቅ ምርምሩን ባሳተመ ማግሥት ጋዜጠኞች ከበው ይጠይቁታል። የሊቃውንትን ጽሑፍ ለማንበብ ዕውቀቱም ጊዜውም የሌለን ብዙዎች ነንና፣ ይህ ዓይነቱ ቃለ ምልልስ እንደሚጠቅም አልክድም። ነገር ግን ሊቁ በጽሑፉ ያላለውን በአፉ ሲጨምር ምን እንደሚመጣ በለንደን የሆነው ነገር ያስረዳናል።

እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1998 አንድሩ ዌክፊልድ የተባለ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋራ ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት አንድ ጥናት አወጣ። የተመረመሩት ሕፃናት 12 ብቻ ነበሩ፤ ካልተከተቡ ልጆች ጋራም አልተነጻጸሩም። ጽሑፉ ራሱ፣ የኩፍኝ፣ የጆሮ ደግፍና የሩቤላ ጥምር ክትባት በእነዚህ ሕፃናት ላይ ከታየው ሕመም ጋራ ግንኙነት እንዳለው አለመረጋገጡን በግልጽ ይናገራል። ዌክፊልድ ግን በሮያል ፍሪ ሆስፒታል ጋዜጠኞችን ሰብስቦ፣ ሦስቱ ክትባቶች ተለያይተው ቢሰጡ ይሻላል አለ። የሕክምና ትምህርት ቤቱ ዲን እዚያው ተቀምጠው ጥምሩ ክትባት መቀጠል እንዳለበት ተናግረው ነበር። የሚያስፈራው ቃል ግን ከሚያረጋጋው ቀድሞ ሮጠ።

አንባቢዬ ሆይ፣ «ይህ ያሉት ነገር በጽሑፍዎ ውስጥ የት ይገኛል?» ብሎ ለመጠየቅ ሐኪም መሆን አያሻም። ወሬውን ለዓመታት ያስተጋቡት ጋዜጦች ይህችን ጥያቄ ደጋግመው ቢያነሡ ኖሮ ብዙ ወላጅ ባልሸበረ ነበር። በእንግሊዝ አገር በ1996 ከ100 ሕፃናት 92 ያህሉ ይከተቡ የነበረው፣ በ2003 ወደ 80 ገደማ ወረደ፤ በ2008ም ኩፍኝ በእንግሊዝና በዌልስ እንደገና ሥር መስደዱ ተነገረ። ላንሴት ጥናቱን የሰረዘው በ2010 ነው። በዚያው ዓመት ዌክፊልድ ከሐኪሞች መዝገብ ተፋቀ።

ሁሉም ሊቅ እንዲህ አይናገርም። በ2011 ኦፔራ የተባለው የፊዚክስ ቡድን፣ ኒውትሪኖ የሚባሉት ረቂቃን ቅንጣቶች ከጄኔቫ አጠገብ ተነሥተው ኢጣልያ እስኪደርሱ 730 ኪሎ ሜትሩን ከብርሃን ቀድመው የሄዱ የሚመስል ውጤት አገኘ። ዓለምን የሚያስገርም ወሬ ነበር። የቡድኑ ሰዎች ግን ስሕተት ፈልገን አጣን፣ ሌሎች ይመርምሩልን ብለው ለመኑ። በማግሥቱ ዓመት በደንብ ያልገባ አንድ ገመድ ልኬቱን እንዳዛባው ተገኘ። የቡድኑ ቃል አቀባይም በ2012 ከኃላፊነታቸው ለቀቁ፤ ይህ፣ እንደ እኔ አስተያየት፣ ከሚገባው በላይ የከበደ ዋጋ ነው። ቃላቸውን የሰማ ሰው ውጤቱ ገና እንዳልጸና ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያውቅ ነበርና።