የዘመነ ሉቃስ ግድፈት

በ1895 ዓ.ም. ከምድር ባቡሩ ጋር በተቆረቆረችው በድሬዳዋ፣ የሱቅ ሒሳብ የሚይዙ ፕሮግራሞችን እየጻፍሁና የሌሎችንም እየጠገንሁ ስኖር፣ ከሁሉ አብልጦ የሚያሳዝነኝ የሠሪው ግድፈት በገዢው ጫንቃ ላይ መውደቁ ነው።

ከዚራ በተባለው ሰፈር ባለ አንድ መድኃኒት ቤት ተጠርቼ ያየሁት ፕሮግራም፣ ጳጉሜን ዘወትር 5 ቀን አድርጎ ስለሚቆጥር፣ ጳጉሜ 6 ቀን 2015 ዓ.ም. የተሸጠውን ሁሉ መስከረም 1 ቀን 2016 ብሎ መዝግቦት፣ ከዚያም ወዲህ ዕለቱን በአንድ ቀን እያስቀደመ መዝገቡን ከደረሰኙ፣ የዱቤውንም ቀጠሮ ከባለዕዳው ጋር አጣልቶት ነበር። በ2015 ላይ 5500 ቢደመርና ድምሩ ለ4 ቢካፈል 3 እንደሚተርፍ፣ ይኸውም ዘመነ ሉቃስ እንደ ሆነና ጳጉሜ 6 እንደምትሆን የባሕረ ሐሳብ ጀማሪ ሁሉ ያውቀዋል፤ ፕሮግራሙ ግን ዓመቱን የሚጠይቅ አንድ መስመር እንኳ አልነበረውም። «ልጄ፣ ኪሳራዬን ማንን ልጠይቅ?» ያሉኝ ባለቤቱ ያወጡት ውል በእንግሊዝኛ የተጻፈ ሲሆን፣ ዕቃው ባለበት ሁኔታ እንደ ተሸጠና ሻጩ ለማናቸውም ጉዳት ኃላፊ እንዳልሆነ ይናገር ነበር።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የተሸጠ ዕቃ ጉድለት እንደሌለበት ሻጩ ዋስ እንዲሆን ያዛል፤ ነገር ግን ሲጻፍ በዓይን የሚታየውንና በእጅ የሚዳሰሰውን ዕቃ አስቦ ነው። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ም ጉድለት የተገኘበትን ዕቃ ለማስለወጥ ወይም ዋጋውን ለማስመለስ 15 ቀን የሰጠው ለራሱና ለቤተሰቡ ፍጆታ ለሚገዛ ሰው ነው፤ ባለ መድኃኒት ቤቱ ቢካተት እንኳ፣ በአራት ዓመት አንድ ጊዜ የሚገለጥ ስውር ነውር በ15 ቀን ውስጥ እንዴት ይታወቃል?

መጋቢት 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የኮምፒዩተር ሥርዓት ተዛብቶ ደንበኞች ከሒሳባቸው በላይ ገንዘብ ባወጡ ጊዜ፣ ባንኩ ከ801 ሚሊዮን ብር በላይ እንዲመለስለት ጠየቀ፤ መጠየቁም ተገቢ ነበር፣ የራስ ያልሆነ ገንዘብ ይመለሳልና። ታዲያ ግድፈቱ ገዢውን በጎዳ ጊዜ ሻጩ የማይጠየቅበት ምክንያት አይታየኝም።

ያለ ዋጋ በነጻ የሚታደል ፕሮግራም ባለበት ሁኔታ ቢሰጥ አልነቅፍም፤ በገንዘብ የሚሸጠው ግን እንደዚህ ሊሆን አይገባውም። ስለዚህ በምፈርመው ውል፣ በርክክብ ዕለት በውስጡ የነበረ ግድፈት በማናቸውም ዓመት ቢገለጥ ያለ ክፍያ እንዳርመውና ያበላሸውንም መዝገብ እንዳቃና በአማርኛ እጽፋለሁ፤ ከመፈረሜም በፊት የኮምፒዩተሩን ቀን ወደ ጳጉሜ 6 ቀን 2019 አዙሬ፣ ባለሱቁ በዓይኑ እያየ አንድ ደረሰኝ አሳትመዋለሁ።