ከንባብ ክፍል የሚገኝ የጥረዛ ሙያ

የኢትዮጵያ የብራና መጽሐፍ ስፌት ሙጫ አይሻም። ጥራዞቹን እርስ በርስም ሆነ ከእንጨት ገበታው ጋር የሚያያይዛቸው ክር ነው፤ መጽሐፉ ሲገለጥ ጠረጴዛ ላይ ዘርጋ ብሎ የሚቀመጠውም ለዚህ ነው። ለዕለት ማስታወሻ ደብተር ከዚህ የተሻለ አሠራር ማግኘት ያስቸግራል።

ሙያውን ከመምህር እግር ሥር ተቀምጦ ለመማር ያልታደለ ሰው ቤተ መጻሕፍት ይረዳዋል። ሥርግው ሐብለ ሥላሴ በ1981 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ ያሳተሙት ጥናት የኢትዮጵያን የመጽሐፍ ሥራ በስፋት ይዟል። የጥረዛ ተመራማሪው የሲርማይ የ1999 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ ደግሞ ለኢትዮጵያ ጥረዛ ራሱን የቻለ ምዕራፍ ሰጥቶ ስፌቱን በሥዕል ያሳያል። እንዲህ ያሉ መጻሕፍት ብዙ ጊዜ ከንባብ ክፍል አይወጡም። ይህ ለተማሪ በጎ ነገር ነው፤ ሥዕሉን በገዛ እጁ እንዲገለብጥ ያስገድደዋልና። በእርሳስ የክሩን መንገድ ተከትሎ የሳለ ሰው ፎቶግራፍ ካነሳው ይልቅ ስፌቱን ያውቀዋል።

ለልምምድ አራት ሉክ ወረቀት ከመሐል ታጥፎ አንድ ጥራዝ ይሆናል፤ ቅጠሉ ስምንት ነው። እጥፋቱ በወስፌ ከውስጥ ወደ ውጭ ይበሳል። ቀዳዳዎቹ ጥንድ ጥንድ ናቸው፤ ለእያንዳንዱ ጥንድ ሰም የተቀባ አንድ ክርና በሁለቱ ጫፎቹ ሁለት መርፌ ያስፈልጋል። መርፌዎቹ በየቀዳዳቸው ይገባሉ፣ እጥፋቱ ውስጥ ይተላለፋሉ፣ አንዱ በሌላው ቀዳዳ ይወጣል። ከዚያ እያንዳንዱ መርፌ ከታች ባለው ጥራዝ ስፌት ሥር ዞሮ ወደ ላይኛው ይሻገራል፤ በጀርባው ላይ እንደ ሹሩባ የሚወርደው ጉንጉን የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው። ክሩ የሚወጠረው በእጥፋቱ አቅጣጫ እየተሳበ ነው። ወደ ውጭ ቀጥ ብሎ ከተሳበ ወረቀቱን ይቀደዋል፤ ይህን ጀማሪ ሁሉ አጥብቆ ሊይዘው ይገባል።

ከሥራው ጎን የሙያ ማስታወሻ መያዝ ግድ ነው። የቀዳዳዎቹ ርቀት፣ የክሩ ውፍረትና ርዝመት፣ የላላው ስፌት የቱ ጥራዝ ላይ እንደሆነ በዕለቱ ካልተጻፈ በሚቀጥለው ሥራ ላይ ይረሳል። ገጹን ለሁለት ከፍሎ በአንድ ወገን መጽሐፉ ያለውን፣ በሌላው ደግሞ እጅ ያገኘውን መጻፍ ይበጃል፤ ሁለቱ የሚለያዩበት ቦታ ተማሪው ወደ ንባብ ክፍሉ ይዞት የሚመለሰው ጥያቄ ይሆናል።