ሕዝቡን ማን ይጫወተው?

በሙዚቃዊ ተውኔት ውስጥ አዘጋጁን ከሁሉ የሚፈትነው ገጸ ባሕርይ ስም የለውም። ሃያ ወይም ሠላሳ ሆኖ ይወጣና ሺዎችን እንዲሆን ይጠበቅበታል፤ ሕዝብ ይሉታል። በ2025 እ.ኤ.አ. (ሌሎቹም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) እኛ ክረምት በምንላቸው፣ ለንደን ግን ፀሐይዋን በምታገኝባቸው ወራት ካየኋቸው ትርዒቶች ሦስቱ ይህንኑ ገጸ ባሕርይ መሐላቸው ያቆሙ ናቸው። በአንዱ ሕዝብ ሲጠሩት ይመጣል፤ በሌላው ተጠርቶ ይቀራል፤ በሦስተኛው አገር ልቀቅ ይባላል።

የሚመጣው የ«ኢቪታ» ሕዝብ ነው። አንድሩ ሎይድ ዌበርና ቲም ራይስ ሥራውን መጀመሪያ በ1976 በሸክላ አወጡት፤ በ1978 ሃሮልድ ፕሪንስ ለንደን ላይ ለመድረክ አበቃው። ከድህነት ተነሥታ የአርጀንቲና ፕሬዚዳንት ሚስት የሆነችው፣ በ1952 በ33 ዓመቷ ያረፈችው የኤቫ ፔሮን ታሪክ ነው። የሁለተኛው ክፍል መክፈቻ ላይ ኤቫ ከቤተ መንግሥቱ ሰገነት ሆና ከታች ለተሰበሰቡት «ሸሚዝ አልባዎች» ታዜማለች። ማዶና የተወነችበት የ1996ቱ ፊልም ይህን ትዕይንት ለመቅረጽ ቦነስ አይረስ፣ እውነተኛው የካሳ ሮሳዳ ሰገነት ድረስ ሄዷል። አዘጋጁ ጄሚ ሎይድ በለንደን ፓላዲየም ያደረገው የዚህን ግልባጭ ነው፤ ሰገነቱ የውሸት ይሁን፣ ሕዝቡ ግን የእውነት ይሁን አለ። ኤቫን የምትጫወተው ሬቸል ዜግለር ከመድረኩ ትጠፋና አርጋይል በተባለው ጎዳና ፊት ለፊት ባለው የቲያትር ቤቱ ሰገነት ብቅ ትላለች። ለመንገደኛው በነጻ ታዜማለች። አዳራሹ ውስጥ ያለነው፣ ከ2,000 በላይ ሰዎች፣ በካሜራ የሚተላለፈውን በትልቅ ስክሪን እናያለን።

ብዙ ተነቅፏል። ለአንድ ወንበር ከ200 ፓውንድ በላይ የከፈለ ሰው የሥራውን ዋና ዜማ በስክሪን ማየቱ ዘረፋ ነው ተባለ። በዚህ አልስማማም። ለእኔ የዚያ ምሽት ብልሃት ያለው እዚያው ነው። ዜግለር በሰገነቱ ላይ ነጭ ቀሚስና ወርቃማ ሰው ሠራሽ ፀጉር ታደርጋለች፤ መድረኩ ላይ ስንከታተላት የቆየነው ግን በጥቁር ልብስና በራሷ ጥቁር ፀጉር ነው። ከታች ያለው መንገደኛ የሚያየው የተሠራውን ምስል ብቻ ነው፤ ስልኩን አንሥቶ ይቀርጻል፣ ያጨበጭባል። የመጣው ለኤቫ አይደለም፤ ለፊልም ተዋናይቱ ነው፤ ያውም ዝናና ሥልጣን እንዴት እንደሚወራረሱ ለሚናገር ተውኔት ከዚህ የተሻለ አጃቢ ከየት ይገኛል? ምስሉ እንዴት እንደተሠራ የምናውቀው እኛ ደግሞ ሳናስበው የቼን ቦታ ይዘናል፤ ማለትም ከዳር ቆሞ በነገሩ የሚሳለቀውን ተራኪ። (ሕንፃው የሎይድ ዌበር ኩባንያ ንብረት መሆኑ ሰገነቱን ለመበደር ሳያቀል አልቀረም።)

ቅሬታዬ ሌላ ነው። ጎዳናው እውነተኛ ሕዝብ ከሰጠ በኋላ የመድረኩ ሕዝብ ሥራ ፈታ። በሱትራ ጊልሞር ደረጃዎች ላይ የሚወጡት ተወዛዋዦች እጅግ የሠለጠኑ ናቸው፤ የፋቢያን አሎይዜ ውዝዋዜ እንደ አንድ አካል ያንቀሳቅሳቸዋል። ነገር ግን ከመካከላቸው አንድ የሚጠራጠር፣ አንድ የሚያመነታ ፊት ፈልጌ አጣሁ። በዚያ ላይ ድምፁ እስኪያደነቁር ተለቋል። «ኢቪታ» ከሞላ ጎደል ንግግር የሌለው ሥራ ነው፤ ታሪኩም ፖለቲካውም በራይስ ግጥም ላይ ተጭኗል። ግጥሙ ካልተሰማ ማን ማንን እንደከዳ አይታወቅም፤ የሚቀረው ላብና መብራት ነው።

«ሌ ሚዜራብል» ላይ ብዙ አልቆይም፤ ከ1985 ጀምሮ ለንደን ላይ ሲታይ የኖረ ሥራ ነው። ብዙ ተመልካች ስለ 1789ኙ አብዮት የሚናገር ይመስለዋል እንጂ በመድረኩ ላይ የሚታየው የሰኔ 1832 የፓሪስ አመፅ ነው፤ ያ አመፅ ደግሞ ከሽፏል። ተማሪዎቹ ጎዳና ዘግተው ሕዝቡን ይጠብቃሉ፤ ሕዝቡ በሩን ይዘጋል። የመጀመሪያው ዝግጅት ይህን ያስረዳ የነበረው በጆን ናፒየር ተሽከርካሪ መድረክ ነበር፤ ምሽጉ ይዞርና ከጀርባው የተዘረጉትን ሬሳዎች፣ በቀይ ባንዲራ ላይ ተዘቅዝቆ የተንጠለጠለውን የተማሪዎቹን መሪ አንዦልራስን ያሳየናል። ከ2019 መጨረሻ ወዲህ በሶንድሃይም ቲያትር በሚታየው አዲሱ ዝግጅት መድረኩ አይዞርም፤ ከቪክቶር ሁጎ ሥዕሎች የተወሰዱ ምስሎች ከኋላ ይንቀሳቀሳሉ፤ የአንዦልራስም ሬሳ በጋሪ ይመጣል። ሥዕሎቹ ያማሩ ናቸው። የከተማዋ የፍሳሽ ቦይ ትዕይንት እንዲያውም ከድሮው ይሻላል። ይሁን እንጂ ምሽጉ ሲዞር ተመልካቹ ለጥቂት ጊዜ ከወታደሮቹ ወገን ይቆም ነበር፤ በሩን ከዘጋው፣ ካልመጣው ሕዝብ ጋር። ያ ቀርቷል። አሁን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ከተማሪዎቹ ጋር ነን፤ ለራሳችንም በጣም ተመችቶናል።

የበጋው ትልቁ ሥራ ግን በባርቢካን ያየሁት «ፊድለር ኦን ዘ ሩፍ» ነው። ጆርዳን ፌይን ያዘጋጀው ይህ ትርዒት በ2024 በሪጀንትስ ፓርክ ክፍት ቲያትር ከሰማይ በታች ነበር የተጀመረው። ትርዒቱ የቶም ስካትን የመድረክ ንድፍ ይዞ ጣሪያ ስር ሲገባ ይታፈናል ብዬ ሰግቼ ነበር። አልታፈነም። የስንዴው ማሳ ከመሬት ተነሥቶ ጣሪያ ይሆናል፤ ቫዮሊን ተጫዋቹ እላዩ ላይ ይቆማል፤ መንደሩም ከነሕይወቱ ከእርሻው ስር የሚኖር ይመስላል።

አናቴቭካ፣ በሾለም አሌይኸም ታሪኮች ላይ የተመሠረተችው የአይሁድ መንደር፣ እዚህ በጅምላ አልቀረበችም። አጋቢዋ ሐሜቷን ይዛ፣ ሥጋ ሻጩ ኩራቱን ይዞ ነው የሚገቡት። ሽማግሌ ሲላክና ልጅቷ ሳትጠየቅ ነገሩ ሲያልቅ እየሰማ ላደገ አበሻ የአባትየው የቴቭዬ ጭንቀት ማብራሪያ አያሻውም፤ ሦስቱ ልጆቹ ተራ በተራ የመረጡትን ሰው ይዘው ሲመጡ አባትየው በእያንዳንዷ ላይ የሚሸነፍበት መንገድ የተለያየ ነው። አዳም ዳንሃይሰር ቴቭዬን ሲጫወት አይጮህም፤ ሚናውን በ1964 የጀመረው ዜሮ ሞስቴል በመንጎማለል የሞላውን ቦታ እሱ በድካም ይሞላዋል። ሃይማኖቷን ያልተጋራ ሰው ያገባችው ኻቫ ከቤተሰቡ ስትቆረጥ፣ ፌይን ክላሪኔት አስይዟታል፤ ከቫዮሊን ተጫዋቹ ጋር ትመላለሳለች። አባቷ ሊሰማት ያልፈለገው ልጅ በሙዚቃው ውስጥ ግን ቦታዋን አላጣችም።

ጠርሙስ በራስ ላይ አድርጎ የሚጨፈረውን የሠርጉን ጭፈራ ከመጠን በላይ ረዘመ የሚሉ አሉ። የመጀመሪያው የውዝዋዜ ነዳፊ ጀሮም ሮቢንስ ይህን ያስገባው ያለምክንያት አይደለም። ጠርሙሱ እንዳይወድቅ ትንፋሹን ይዞ የቆየው ተመልካች ሲፈታ ያጨበጭባል፤ ሠርገኛ ይሆናል። ረብሻው የሚመጣው በዚያው ሠርግ ላይ ነው፤ ድንኳኑን የሚያፈርሱት ሰዎች ሲገቡ ያጨበጨበው እጅ ገና አልበረደም። አዲሷ የውዝዋዜ ነዳፊ ጁሊያ ቼንግ እርምጃውን ለውጣ ጠርሙሶቹን ግን እንዳሉ ትታቸዋለች። ጭፈራው ቢያጥር ኖሮ እኛ አዳራሹ ውስጥ ያለነው ሠርግ የምናይ እንግዶች ብቻ በሆንን ነበር፤ ሮቢንስ የፈለገን ግን ሠርጋቸው እንደተበተነባቸው ሰዎች ነው።