ሳቅ ከሁኔታ ሲወለድ፦ የመንግሥቱ ለማ ተውኔቶች

መንግሥቱ ለማ የአማርኛ ኮሜዲ ሲነሣ ስሙ ቀድሞ የሚጠራ ጸሐፌ ተውኔትና ገጣሚ ነው። አባቱ አለቃ ለማ ኃይሉ የታወቁ የቤተ ክህነት ሊቅ ነበሩ። መንግሥቱ ልጅነቱን ያሳለፈው በሐረር ሲሆን፣ ከአባቱ ዓለም ወደ ዘመናዊ ትምህርት ተሻግሮ በ1940ዎቹ ለንደን ገባ። ከዚያ ሲመለስ በመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ቀጥሎም በሕንድ በኢትዮጵያ ኤምባሲ አገለገለ። ሁለቱን ዋና ኮሜዲዎቹን፣ «ጠልፎ በኪሴ»ንና «ያላቻ ጋብቻ»ን፣ ለመድረክ ያበቃው በ1950ዎቹ ነው።

የኢትዮጵያ ዘመናዊ ቲያትር ሲጀመርም በኮሜዲ ነበር። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1913 ገደማ ያቀረቡት «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮሜዲያ» በእንስሳት ተረት የመኳንንቱን አሠራር ስለ ነካ፣ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። ቀጥሎ የተነሣው ዮፍታሔ ንጉሤ የደብረ ኤልያስ ሰው፣ የጎጃም ቅኔ ቤት ያፈራው ነው። የእሱ ተውኔቶች በግጥምና በዜማ የተሞሉ ናቸው፤ ገጸ ባሕርያቱም ብዙውን ጊዜ አንድን ሐሳብ ወክለው ይቆማሉ። መንግሥቱ ግን ሐሳቡን ለሰዎቹ አልሰጣቸውም፤ እንደ ጎረቤት እያወሩና እየተከራከሩ በመካከላቸው እንዲፈጠር አደረገው።

ለዚህ ያበቃው መጀመሪያ ጆሮው ነው። በ1953 «የአባቶች ጨዋታ» ብሎ ያሳተመው መጽሐፍ ከሊቃውንትና ከሽማግሌዎች አፍ የተሰበሰበ ጨዋታ ነው። ኋላም አባቱን ፊቱ አስቀምጦ ትዝታቸውን በቴፕ ቀዳ፤ ድምፁንም ወደ ጽሑፍ ገልብጦ «መጽሐፈ ትዝታ» በሚል ርእስ በ1959 አወጣው። አለቃ ለማ ነገር ሲያቋርጡ፣ ወደ ኋላ ሲመለሱ፣ የሌላ ሰው ንግግር በራሱ ለዛ ሲያወሩ በጽሑፉ ይሰማል። ቃለ ተውኔት የሚጽፍ ሰው ይህን ሥራ ቢያጠና ብዙ ይጠቀማል፤ ሰው ሲናገር ዓረፍተ ነገሩን ሁልጊዜ እንደማይጨርስ፣ የሚያስቀውም ብዙ ጊዜ ያልጨረሰው እንደሆነ ያስተውላል።

ሁለተኛው ብልሃት የሁኔታ አመራረጥ ነው። በ«ጠልፎ በኪሴ» ጋብቻን በጠለፋ ለመፈጸም የሚመካከሩት ፊደል የቆጠሩ የከተማ ወጣቶች ናቸው። ጠላፊው የባላገር ጎረምሳ ቢሆን ኖሮ ታሪኩ የወንጀል ወይም የኀዘን ይሆን ነበር። የተማረው ሰው አሮጌውን ልማድ ሲያነሣና ለዚያም በተማረው አነጋገር ምክንያት ሲደረድርለት ግን ሳቁ ከራሱ ከነገሩ ይፈልቃል። ጸሐፊው ቀልድ መጨመር አያስፈልገውም፤ የሚጠበቅበት ሰውየው የሚናገረውንና የሚሠራውን ጎን ለጎን ማቆም ብቻ ነው። «ያላቻ ጋብቻ»ም የተሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ከባላባት ወገን የተወለደ አንድ የተማረ ወጣት የቤት ሠራተኛውን ይወዳል፤ አክስቱ ደግሞ የዘርን ክብር ይዘው ይሟገታሉ። አክስትየው ክፉ ሰው አይደሉም፤ ያደጉበትን ሥርዓት ከልባቸው ያምኑበታል፤ ጠንክረው በተሟገቱ ቁጥርም የሥርዓቱን ባዶነት ያጋልጣሉ። ተመልካቹ እየሳቀ የገዛ አክስቱን፣ አንዳንዴም ራሱን ያያል። መንግሥቱ ሁለቱንም ተውኔቶች ራሱ ወደ እንግሊዝኛ መልሷቸዋል።

ሦስተኛው የጊዜ አጠባበቅ ነው። በዲማ ጊዮርጊስ፣ በደብረ ወርቅ ወይም በሞጣ የቅኔ ጉባኤ ላይ የተቀመጠ ሰው ይህን ያውቀዋል። ባለ ቅኔው ሰሙን ረጋ ብሎ ያወርዳል፤ አድማጩ ነገሩን ተረዳሁት ሲል አንድ ኅብረ ቃል ላይ ወርቁ ይገለጣል፤ ወርቁ ቀድሞ ከታወቀ ቅኔው ይፈርሳል። የኮሜዲ ቃለ ተውኔትም እንዲሁ ነው፤ አስቂኙ ቃል ከዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ካልዋለ፣ ተዋናዩም ከዚያ በፊት ትንሽ ካልተነፈሰ፣ አዳራሹ ዝም ይላል። መንግሥቱ የአማርኛን ስንኝ አሠራር በጥናት የመረመረ ሰው ነበር፤ በ1955 በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ያወጣው ጽሑፍ ይህን ያሳያል። ግጥም ላይ ያዳበረው የምት ስሜት ቃለ ተውኔቱን ሳይከብድ እንዲፈስ አድርጎታል።

ሳቁ ሰውን ለማዋረድ አልዋለም። «ባሻ አሸብር በአሜሪካ» በሚለው የታወቀ ግጥሙ በአገሩ የተከበረ ኩሩ ሰው በቆዳው ቀለም ምክንያት በአሜሪካ ይናቃል። አንባቢ በመጀመሪያ በባሻ ጉራ ይስቃል፤ ቀስ በቀስ ግን የሚያስነቅፈው የዘር አድልዎው መሆኑ ይገለጥለታል። ሳቁን ከሰውየው ላይ አንሥቶ ወደ ጥፋቱ ማዞር ከባዱ የሙያው ክፍል ነው፤ ለባለታሪኩ የሚያዝን ጸሐፊ ብቻ ነው የሚችለው።

ከአብዮቱ በኋላ መንግሥቱ የጣሊያንን ወረራ መነሻ ያደረገውን «ፀረ ኮሎኒያሊስት»ን ጻፈ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቲያትር ትምህርት ክፍል ሲከፈትም የተውኔት ድርሰት መምህር ሆነ። በ1980 አረፈ። ዛሬ ኮሜዲ ለመድረክም ሆነ ለፊልም የሚጽፍ ሰው ከእሱ የሚወስደው ሥርዓት ግልጽ ነው፤ አስቀድሞ የሰውን አነጋገር ማዳመጥ፣ ከዚያ እምነትና ድርጊት የሚጋጩበትን ሁኔታ መምረጥ፣ በመጨረሻም ለእያንዳንዱ ባለታሪክ በቂ ምክንያት መስጠት። ይህ ከተሟላ ሳቁ ሳይጠሩት ይመጣል።