ዓይን ቀድሞ ሲደርስ

«ይቺውና! ደረስን እኮ» አለኝ ጓደኛዬ፣ የዛራውትዝን አሸዋ ገና ሳንጨርስ። ጣቱን የቀሰረው ባሕሩ ውስጥ ገብታ ወደተጋደመችው የጌታሪያ ኮረብታ ነው፤ ቅርጿን አይተው የአገሬው ሰዎች «አይጢቱ» ይሏታል። ዝም አልኩት። የባሕር ዳር መንገድ መጀመሪያ የሚያታልለው ዓይንን ነው። ደጋ ላይ ተራራው ስለሚከልልህ እግርህን ታምናለህ። እዚህ ሁሉም ፊት ለፊት ተዘርግቷል፤ በውሃው ላይ ቁልጭ ብሎ የሚታየው ቦታ የምትደርሰው ግን ገደሉን እየታከክህ፣ እየተጠማዘዝህ ነው። ዓይኑ ቀድሞ የደረሰ ሰው ይቸኩላል፤ የቸኮለ ደግሞ ከቀትር በፊት እግሩ ውሃ ይቋጥራል።

በሰሜን እስፔን፣ በባስኮች ምድር ነን። ከኢሩን ተነስቶ ሳንቲያጎ ደ ኮምፖስቴላ፣ ቅዱስ ያዕቆብ አርፎበታል ወደሚባለው ካቴድራል የሚወስደው የሰሜኑ መንገድ ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የዛሬው ድርሻችን እስከ ዴባ፣ 22 ኪሎ ሜትር ገደማ።

ወደ ጌታሪያ ሁለት ምርጫ አለ፦ ከመኪናው መንገድ ጎን የተነጠፈው ሜዳ፣ ወይም በወይን እርሻው መሐል ሽቅብ የሚወጣው የጥንት ድንጋይ። ጀማሪ ሜዳውን ይመርጣል፤ እኔ ዳገቱን። ሲሚንቶ ላይ እግር ሺህ ጊዜ እዚያው ተረከዝ፣ እዚያው አውራ ጣት ላይ ነው የሚያርፈው። ወጣ ገባ ያለ ድንጋይ ጫናውን ያዛውረዋል።

ዳገቱ አጋማሽ ላይ የጓደኛዬ ወሬ አጠረ። ማነከስ ገና አልጀመረም፤ እኔ የምጠብቀው ግን ያቺን ዝምታ ነው። አስቀመጥኩትና ጫማውን አስወለቅኩት። ተረከዙ ላይ የሳንቲም ያህል ቀልቷል፤ አልቋጠረም፣ ሞቋል ብቻ። ካልሲውን ገልብጬ ሳራግፈው የማለዳው አሸዋ ሦስት አራት ቅንጣት ወደቀ። ቆዳውን አደረቅኩ፣ ፕላስተር ለጠፍኩ፣ ማሰሪያውን ከቁርጭምጭሚቱ በኩል አጥብቄ ከጣቶቹ በኩል አላላሁለት። አምስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። «ምንም አላመመኝም እኮ» አለ። ሳያም ነው የሚቆመው፤ ካመመማ አለፈ። ይህን የተማርኩት ሁለት ጥፍር ከፍዬ ነው።

ጌታሪያ የኤልካኖ አገር ናት። የጉዞው መሪ ማጄላን እ.ኤ.አ. በ1521 ፊሊፒንስ ላይ ከተገደለ በኋላ ዓለምን የመዞሩን ጉዞ በ1522 የፈጸመው እሱ ነው፤ በቪክቶሪያ መርከብ እስፔን የገቡት 18 ሰዎች ብቻ ነበሩ። የከተማዋ አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ወለሉ ሳይቀር ዘመም ያለ ነው፣ መርከብ ላይ የቆምክ ይመስልሃል። በየደጁ ከሰል ላይ የሚጠበሰው ዓሣ ጠረኑ ይጠራል። እኔ በሶዬን በጥብጬ ጠጣሁ፤ ጠግቤ ዳገት አልወጣም። ጓደኛዬ ግን ዓሣውን በላ፣ በኋላም ለፋ።

ከጌታሪያ ቀጥላ ባለችው ዙማያ ላይ ቸኩል ብባልም አልቸኩልም። ገደሉ በጎኑ የቆመ አነባበሮ ነው፦ ጠንካራ ንጣፍ፣ ለስላሳ ንጣፍ፣ እንደገና ጠንካራ። ፍሊሽ ይሉታል። ከመሐላቸው አንዷ ስስ ጥቁር ሸክላ ዳይኖሰሮች የጠፉበትን፣ የ66 ሚሊዮን ዓመቱን ወሰን ታመለክታለች። በመዳፍ ትሸፈናለች።

ከዚያ ወዲያ መንገዱ ኮረብታው ውስጥ ገብቶ ባሕሩን ይሰውራል። ብዙዎች ይሰለቹበታል፤ እኔ እወደዋለሁ፣ ዓይን የሚቸኩልበት ነገር የለምና። እርምጃ ራሱ ልክ ይገባል። ቁልቁለቱ ላይ ግን ጓደኛዬን ደጋግሜ ያዝ አደረግኩት፦ እርምጃህን አሳጥር፣ ጉልበትህን አትገትር፣ ምርኩዙ ይቅደምህ።

ዴባ አናት ስንደርስ ከተማዋ ከእግራችን ሥር ናት፤ የመጨረሻው ቁልቁለት ግድግዳ ነው። ነዋሪው ለራሱ አሳንሰር ተክሎበታል፣ ተሳላሚውም ይወርድበታል። ጓደኛዬ ቆም ብሎ አየው፤ «ግሸን ላይ እንዲህ ቢደረግ ምን ይባል ነበር?» አለኝ።

«ነገ የማርኪና ዳገት አለብህ» አልኩትና ቁልፉን ተጫንኩት። በሩ ሲከፈት ቀድሞኝ ገባ።