ሌንሱ እስኪመጣ

ሰሞኑን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ማኪያቶ ጋበዘኝ። ተማሪ ጋባዥ፣ አስተማሪ ተጋባዥ ከሆነ ከጀርባው ነገር እንዳለ መቼስ ይታወቃል። ጥቂት እንደቆየን ከቦርሳው ሦስት ወረቀት አወጣ፤ የሦስት ካሜራ ዝርዝርና ዋጋ። ልጁ ሒሳብ ሠራተኛ ነው፤ ፎቶ የሚያነሳው ቅዳሜና እሁድ፣ ለገዛ ደስታው ነው። ዕቁብ ወጥቶለታል።

‹‹ጋሼ፣ የቱን ልግዛ?››

‹‹አሁን የያዝከው ምን ሆነ?››

‹‹እሱማ ምንም አልሆነም። ግን የድሮ ነው።››

ይቺ ‹‹ግን የድሮ ነው›› የምትባል ነገር ከየት እንደመጣች አውቃለሁ። የመጣችው ከካሜራ ግምገማዎች ነው። ሃያ ዓመት ገደማ ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ብዙ ዓይነት ድርሰት አንብቤያለሁ፤ የካሜራ ግምገማን ያህል ሴራው የማይለወጥ ግን አላጋጠመኝም። ገጸ ባሕርያቱ ሁለት ናቸው፤ አዲሱና አሮጌው። አሮጌው አምና፣ እሱ ራሱ አዲስ በነበረ ጊዜ፣ ‹‹ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል!›› ተብሎለት ነበር። ዘንድሮ ያው ገምጋሚ ‹‹ለካስ ጨለማ ላይ ይደናበር ነበር›› ይለናል። ግጭቱ ይከራል፣ ይካረራል፣ ከዚያም ገንዘብ ተቀባይዋ መስኮት ላይ ይፈታል። በድርሰቱ ውስጥ ብዙም የማይገኘው ነገር ፎቶ ነው። ቢገኝም የጡብ ግድግዳ ነው፤ ክርክሩ ጥግ ላይ ያለው ጡብ ጠርቷል ወይስ አልጠራም የሚል ነው።

ውሸት ይጽፋሉ አልልም። ልኬታቸው ልክ ነው። ችግሩ የልጁን ጥያቄ አለመመለሳቸው ነው። ልጁ የያዘው ኒኮን ዲ5300 ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ፣ 24 ሜጋፒክሰል። ይህ ማለት ወርዱ 6,000፣ ቁመቱ 4,000 ነጥብ ነው። በደህና ጥራት ቢታተም 50 በ34 ሳንቲሜትር ገደማ ይወጣዋል። እስከ ዛሬ ያሳጠብከው ትልቁ ፎቶ ስንት ነው አልኩት። 20 በ30 አለኝ። ያም አንዴ፣ ለእህቱ ሠርግ።

ከሦስቱ ውዱ ኒኮን ዜድ7 ሁለት ነው፤ 45 ሜጋፒክሰል። የሚያስቀው ደግሞ እዚህ ጋ ነው። አሁን ያሉት ሌንሶች ለትንሽ ሴንሰር የተሠሩ ናቸው። በማገናኛ ቢገጥማቸው ካሜራው ዳር ዳሩን ቆርጦ መሐሉን ብቻ ይወስዳል፤ የሚተርፈው 20 ሜጋፒክሰል እንኳ አይሞላም። የዕቁብ ገንዘብ አፍስሶ ከያዘው ያነሰ ሊገዛ! ‹‹ሌንሱንም አብሬ እለውጣለኋ›› አለ። እንግዲህ ሁለተኛ ዕቁብ መግባት ነው።

ገንዘብ የሚገባው ሌንስ ላይ፣ ያውም ብርሃን ላይ ነው። ካሜራው ሲሸጥ አብሮ የሚመጣው ከ18 እስከ 55 የሚለው ሌንስ ስታቀርቡበት አፉ ይጠባል፤ ወደ 5.6 ይደርሳል። (ቁጥሩ ሲያድግ ቀዳዳው ይጠባል። ይህን ያወጣ ሰው ለጀማሪ አላሰበም።) 35 ሚሊሜትሩ፣ 1.8 የተጻፈበት ትንሹ ሌንስ፣ ከዚያ አሥር እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል። ማታ፣ አንድ አምፖል ባለበት ክፍል፣ እናቱ ቡና ስትቀዳ ቢያነሳ፣ በአንደኛው እጇ ጭጋግ ይሆናል፤ በሌላኛው ከጀበናው የሚወርደው ቡና እንደ ክር ይታያል። 50 ሚሊሜትሩም ጥሩ ነው፤ በሱ ካሜራ ላይ ግን እንደ 75 ስለሚያጠብ በእኛ ቤት ስፋት ጀርባን ግድግዳ ላይ መለጠፍ ይጠይቃል። ደግሞም አሮጌዎቹ 50ዎች የራሳቸው ሞተር የላቸውም፤ ዲ5300ም ሞተር የለውም፤ በእጅ እያዞሩ ማጥራት ነው። ያገለገለ ሌንስ የሚሸጥ ሰው ይህን ሲናገር አልሰማሁም።

አንሪ ካርቲየ ብረሶን አብዛኛውን ሥራውን የሠራው በአንድ 50 ሚሊሜትር ሌንስ ነው ስለው ትንሽ ለስለስ አለ። ካሜራው ላይካ እንደነበረና ላይካ ደግሞ ርካሽ እንዳልነበረ አልነገርኩትም።

እንዲህ የምፈላሰፈው ንጹሕ ሆኜ አይደለም። ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያን ሰፈሩን ሙሉ ፎቶ አነሳለሁ ብዬ ነበር። መንገዱ ጠባብ ስለሆነ ሰፊ ሌንስ ያስፈልገኛል አልኩ። አሜሪካ ያለ ዘመዴ ለፋሲካ ሲመጣ ይዞልኝ ሊመጣ ተስማማን። እስከዚያው በየሳምንቱ ካሜራዬን አንግቼ እሄዳለሁ፤ ቡና እጠጣለሁ፤ እመለሳለሁ። በ2016 ዓ.ም.፣ ፋሲካው ሳይደርስ፣ የፒያሳ ሰፈሮች ለኮሪደር ልማት ሲፈርሱ ዶሮ ማነቂያም አብሮ ሄደ። ሌንሱ በቀጠሮው መጣ።

ቡና ታፈላልኝ የነበረችው ሴትዮ ከዓመት በኋላ ደወለችልኝ። ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ደርሷታል። ‹‹ጋሼ፣ ያን ሁሉ ጊዜ ካሜራ አንግተው ይመጡ አልነበር? የቤቴን ፎቶ ይላኩልኛ፤ ልጆቹ ረሱት።›› ቤት ገብቼ ፈለግሁ። ከዶሮ ማነቂያ ያለኝ አራት ፎቶ ነው። ሦስቱ የግድግዳ ናቸው፤ አሮጌው ሌንሴ ጥጉ ላይ ይጠራ እንደሆነ ስሞክር ያነሳኋቸው። በአራተኛው የአንድ ሰው ትከሻና የከሰል ምድጃ ጫፍ ገብቷል። ትከሻው የሷ ይሁን የሌላ ሰው ለመለየት አልቻልኩም። ላክሁላት። ‹‹ምድጃው የኔ ነው›› ብላ መለሰችልኝ።

ልጁን ካሜራህን ያዝ፣ 35ቱን ግዛ፣ አንድ ትርፍ ባትሪ ጨምር፣ የቀረውን ለእናትህ ስጥ አልኩት። ከወረቀቱ ጀርባ ጻፈው፤ ሒሳብ ሠራተኛ አይደል፣ ደምሮም አየው። ከዚያ ቀና አለና፣ ‹‹ያ የእርስዎ ሰፊ ሌንስስ? ካልተጠቀሙበት…›› አለኝ።

እያሰብኩበት ነው።